ዋግሹም ጎበዜ፣ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ፦ የአንድ ገዢ ሕይወትና ማዕረጎች

ለሰቆጣ ሕዝብ የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታት ሲቆጠሩ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሦስት ናቸው፤ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስና ምኒልክ። በመካከል አንድ ይዘለላል። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱበት ከሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ጀምሮ አጼ ዮሐንስ አክሱም ላይ ዘውድ እስከጫኑበት እስከ ጥር 1864 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። የዚያን ጊዜ አብዛኛውን ንጉሠ ነገሥት ተብለው የቆዩት የዚህ አገር ሰው ነበሩ፤ ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን፣ በዘውድ ስማቸው ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ።

እኔ ዛሬ ላወድሳቸውም ላወግዛቸውም አልቆምኩም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በአገሪቱ ከፍተኛ የነበረውን ማዕረግ የያዙ፣ በዘመኑ ብዛት ያለውን ጦር ያሰለፉ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዴት ሁሉንም አጡ? ለንጉሠ ነገሥትነት ሲሉ አልፈውት የሄዱት ዋግሹምነትስ ከእሳቸው በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት ቆየ?

መልሴን አላቆየውም። ማዕረግ ያለን ሥልጣን ያስከብራል እንጂ የሌለን ሥልጣን አይፈጥርም። ዋግሹምነት ዕድሜ ያገኘው ወሰኑ የታወቀ ስለነበር ነው፤ ንጉሠ ነገሥትነት ግን በቃል ወሰን የለውም ነበርና የያዘው ሰው ወሰኑን ያገኘው በጦር ሜዳ ነው። ይህን በሕይወታቸው ላይ እንመልከተው።

ዋግሹምነት ምን ነበር?

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ የዛጕዌን ሥርወ መንግሥት ተክተው ሲነግሡ፣ የዛጕዌ ዘሮች ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ዙፋኑን ለቀው ዋግን ይዘው እንዲቀሩ ስምምነት ተደረገ፤ ከእነሱ የሚወለደውም ዋግሹም እየተባለ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ከክብሩም የብር ወንበርና ነጋሪት ይነሳሉ፤ ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንኳ በብር ወንበር ላይ የመቀመጥ መብት ነበረው ይባላል።

የስምምነቱ ታሪክ የተጻፈው ነገሩ ከሆነ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለሆነ እያንዳንዱን ዝርዝር እንደ ውል ሰነድ ልናነበው አንችልም። ዋናው ሐሳብ ግን በኋላ ዘመን በሥራ ላይ ሲውል ይታያል። ሌሎች ገዢዎች በንጉሡ ፈቃድ ይሾማሉ፣ በንጉሡ ፈቃድ ይሻራሉ። የዋጉ ገዢ ግን ከአንድ ዘር ይመረጣል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ዘር ውስጥ አንዱን ትቶ ሌላውን ሊሾም ይችላል፤ ከዘሩ ውጭ ሰው አምጥቶ ቢያስቀምጥ ግን አገሬው አይቀበለውም። ይህ ለሁለቱም ወገን ልክ ነበር። ዋግሹሙ ከዋግ በላይ አይጠይቅም፣ ንጉሠ ነገሥቱም ዋግን እንደ ባዶ መሬት አይቆጥረውም።

ማዕረጉ የክብር ስም ብቻ አልነበረም፤ ዳኝነትን፣ ግብር መሰብሰብን፣ ጦር መምራትን በአንድ እጅ ያስቀምጣል። ሰቆጣ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ነበረች። ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በትግራይ አልፎ እዚህ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚህ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይጫናል። አሞሌ በዚያን ዘመን ቅመም ብቻ አይደለም፤ እንደ ገንዘብም ይሠራ ነበር። ስለዚህ በኬላ የሚቀመጥ ሰው በገንዘብ መንገድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዘሩን ክብር በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ከከተማችን አጠገብ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአለት ተፈልፍሎ በተሠራው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ የቆየ አስከሬን በሣጥን ተቀምጧል፤ የዋግሹሞቹ ነው ተብሎ ይታመናል። ሥልጣን በዘር ላይ ሲመሠረት ሙታንም ምስክር ሆነው ይጠበቃሉ።

ከአባት ሞት እስከ ልጅ ሽፍትነት

ጎበዜ የተወለዱት በዚህ ቤት ነው። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን ሲሆኑ በአባታቸው በኩል ወደ ዛጕዌ፣ በእናታቸው በወይዘሮ አይችሽ ተድላ በኩል ወደ ጎንደር ነገሥታት ይቆጥራሉ። በዘር ሒሳብ ከሄድን በዘመናቸው ከእሳቸው የሚበልጥ ማስረጃ ያለው ተወዳዳሪ ጥቂት ነው። አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው በዘር ጉዳይ ብዙ የተጠየቁ ንጉሥ ነበሩ።

አጼ ቴዎድሮስ ግን ልክ የሚባለውን ነገር አልወደዱም። ዓላማቸው በየአገሩ የተተከለውን የዘር መስፍንነት ሰብረው ሹመትን ሁሉ ወደ አንድ እጅ ማምጣት ነበር። ሐሳቡ ወደ ፊት የሚያይ ነው፤ መንገዱ ግን እስር፣ ቅጣትና ሞት ሆነ። ዋግሹም ገብረ መድኅንም በአጼ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደሉ። ለዋግ ይህ የአንድ ሰው ሞት ብቻ አልነበረም፤ ለዘመናት የቆየው ልክ መፍረስ ነበር።

ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ። ሽፍትነት በዚያ ዘመን የወንበዴ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት ለሌላቸው መኳንንት የተቃውሞ መንገድ፣ አንዳንዴም የዙፋን መንገድ ነበር። ቴዎድሮስም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። ከ1857 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዋግና ላስታ በጎበዜ እጅ እየጠነከሩ ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ደግሞ፣ ካህናቱም ገበሬውም ሌላ ጌታ መፈለግ ጀመሩ። የትግራዩ ካሣ ምርጫም ለጊዜው ለጎበዜ ገብተው ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ግን ወጡ። ይህ መለያየት በኋላ የጎበዜን ዕጣ የሚወስን ሆነ።

ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመቻ ፊት

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ዙላ ላይ ወረደ። ዓላማው መቅደላ የታሰሩትን አውሮፓውያን ማስፈታት ነው። መንገዱ በትግራይ አድርጎ፣ አሸንጌን አልፎ፣ የዋግንና የላስታን ደጋ ተሻግሮ ወደ ዋድላና ደላንታ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት የአገር ጌቶች መንገዱ ላይ ናቸው፤ ካሣና ጎበዜ።

ሁለቱም ቴዎድሮስን አይወዱም፤ ሁለቱም እንግሊዞችን አልተዋጉም። ልዩነታቸው ሌላ ላይ ነው። ጎበዜ መንገዱን አልዘጉም፣ ነገር ግን ራቅ ብለው ቆሙ። ካሣ ግን እህልና ማመላለሻ አቀረቡ፣ ከናፒየር ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። እንግሊዞች ሲመለሱ ካሣ ደመወዛቸውን ተቀበሉ፤ 12 መድፍና ሞርታር፣ ከ800 በላይ ጠመንጃ፣ ከነጥይቱ።

የጎበዜን ርቀት አንዳንዶች ኩራት፣ አንዳንዶች ጥንቃቄ ይሉታል። የውጭን ጦር ወደ አገር ውስጥ ለማስገባት እጅ አለመስጠት በራሱ ሊከበር የሚገባው አቋም ነው። ግን መንገዱም አልተዘጋም፣ መሣሪያውም አልተገኘም። የመሐል አቋም ክፍያ እንዲህ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ምንም አያስገኝም።

ማዕረጉ ሲወጣ

መቅደላ ከወደቀች በኋላ ጎበዜ ብዙ አልቆዩም። በዚያው በ1860 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተክለ ጊዮርጊስ የሚል የዘውድ ስም ያዙ። ስሙ ከጎንደር መዝገብ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ተክለ ጊዮርጊስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተደጋግመው እየነገሡ ተደጋግመው የተሻሩ ነበሩና «ፍጻሜ መንግሥት» ተብለው ይታወቃሉ። ዳግማዊው ይህን ስም ሲመርጡ ወደ ጎንደር ነገሥታት የሚመልሳቸውን ሐረግ ማጥበቃቸው ነው። የተጎዱትን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ለማደስም ሞክረዋል፤ የዘውዱን ከተማ የሚያቀና ንጉሥ መሆናቸውን ማሳየት ነበረባቸው።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥት በጳጳስ እጅ ካልተቀባ ንግሥናው ከንፈር ላይ ይቀራል። ጳጳሱ ደግሞ ከግብጽ ነው የሚመጣው። አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላ ላይ በእስር እንዳሉ ሞተዋል፤ በአገሪቱ ሌላ ጳጳስ የለም። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ዘውዱን ጫኑ፤ ቅብዓቱን ግን የሚያደርግላቸው አልነበረም።

አሁን የካሣን አካሄድ ተመልከቱ። ካሣ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አላሉም። ርዕሰ መኳንንት የሚለውን ዝቅ ያለ ማዕረግ ይዘው ቆዩ። ማዕረጋቸው ዝቅ ሲል ሥራቸው ከፍ አለ። ወደ ግብጽ ገንዘብና መልእክተኛ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ የነበረውን ጆን ኪርካምን ወታደር እንዲያሠለጥን ያዙ። ደቡብ ላይም ምኒልክ በሸዋ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። አንድ ዘውድ ለሦስት ሰው እየተጠየቀ ነው፤ ከሦስቱ መካከል መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን መሣሪያውንና ጳጳሱን የፈለጉት ካሣ ብቻ ነበሩ።

አጼ ተክለ ጊዮርጊስ የጎደላቸውን በጋብቻ ሊሞሉ ሞከሩ። ራሳቸው የካሣን እህት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን አገቡ። የራሳቸውን እህት ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ደግሞ ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ዳሩ፤ አዳል በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ናቸው። ጋብቻ በመሳፍንት መካከል እንደ ውል ነበር። ነገር ግን ውሉን የሚያስፈጽም ዳኛ አልነበረም፤ ጥቅም ሲለወጥ አማችነት ብቻውን ጦር አያቆምም።

አሳም

በ1863 ዓ.ም. አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ጦራቸው 60,000 ያህል እንደነበር ይነገራል፤ የካሣ 12,000 ገደማ ነው። ቁጥሩ ብቻ ቢታይ ነገሩ አልቋል። ነገር ግን ካሣ መድፍ፣ የተሻለ ጠመንጃና የሠለጠነ ተኳሽ ነበራቸው፤ በሚያውቁት መሬት ላይ ነው የተዋጉት። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ፣ አሳም በሚባለው ስፍራ ሁለቱ ተገጣጠሙ። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ራሳቸው ፊት ሆነው ገቡ፤ ፈረሳቸው ተመታ፤ ተማረኩ። በድፍረታቸው የሚነቅፋቸው የለም። ንጉሡ ሲያዝ ግን ጦሩን የሚያቆም ሌላ አልተገኘም፤ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ የተሰቀለ ሥርዓት ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ከዚያ ዓይናቸው ጠፋ። ትግራይ ውስጥ ታስረው ሳሉም ሞቱ። ያሸነፏቸው የሚስታቸው ወንድም ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. ካሣ ምርጫ አክሱም ላይ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። ማዕረጉን በመጨረሻ ነው የወሰዱት፤ ስለዚህ ቆመላቸው።

ሰማይ አይታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ንጉሡ ኃይል ነው። እኔ ግን ለንጉሡም የተዘጋጀ ወጥመድ ይታየኛል። የማይከሰስ ሰው ሲሳሳት የሚያስተካክለው የለም። የማይከሰስ ሰው በፍርድ አይወርድም፤ ስለዚህ የሚወርደው በገመድ፣ በጦር ወይም በፍም ነው። የአጼ ተክለ ጊዮርጊስ አባት በንጉሥ ትእዛዝ ተገደሉ፤ እሳቸው ደግሞ ኋላ በነገሡት በካሣ እጅ ዓይናቸውን አጡ። ሁለቱም የተቀጡት በሕግ የተጻፈ ወንጀል ተፈርዶባቸው አይደለም። ሥርዓቱ ከላይ የሚያወርድበት በር ስላልነበረው ሰዎቹን በመስኮት ወረወራቸው።

ታዲያ ስለ ገዢዎቹ ብቻ ብንናገር ግማሹን ታሪክ ነው የምንናገረው። 60,000 ሰው የሚበላውን ማን ያመጣዋል? በዚያ ዘመን ሠራዊት ደመወዝ የለውም፤ ስንቁ ከገበሬው ጎተራ ነው። ተሰሪ ወታደር ቤት ገብቶ የሚያድር፣ የሚበላ፣ የሚያዝ ነበር። ጦርነቱ የሆነው ደግሞ በሐምሌ ነው። ሐምሌ በዋግ ደጋ የእርሻ ወር ነው። የዘመተው ሰው ማሳው ጦም አደረ፤ የቀረው ሰው ደግሞ የራሱንም የዘመተውንም ግብር ተጠየቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚህ ኑሮ ነው የወጣው፤ ሹመት መብላት ከሆነ የሚበላው የገባሩ ነው።

ወደ ውጭ ደግሞ አንድ ጊዜ እንመልከት። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ በነገሡበት በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጃፓን ውስጥ የሜይጂ መንግሥት ተመሠረተ። እሳቸው አሳም ላይ በወደቁበት በ1871 ደግሞ የጃፓን መንግሥት የየአገሩን የዘር መሳፍንት ግዛት ሽሮ በማዕከል የሚሾሙ አስተዳዳሪዎች ተካ። አጼ ቴዎድሮስ የተመኙት ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ጃፓኖች ለመሳፍንቱ ገንዘብና ክብር ሰጥተው፣ ጽሕፈት ቤትና ግብር ሰብሳቢ አደራጅተው ማዕረጉን መግዛታቸው ነው። እኛ ዘንድ ማዕረግን የሻረው ሰይፍ ነበር፤ ሰይፉ ሲመለስ ማዕረጉም ተመለሰ።

ዋግሹምነት ከጎበዜ በኋላ

ዋግሹምነት አልተሰበረም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ዋግሹም ጓንጉል የዋግንና የላስታን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት በሰሜኑ ግንባር ዋግሹም ከበደ ነበሩ። ልጃቸው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በዋግና በላስታ የአርበኝነት አመፅ መሩ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። ጣሊያኖች የኃይሉን ራስ ቆርጠው ለሕዝብ አሳዩ፤ ያሰቡት ለማስፈራራት ነበር። ይህን ጊዜ ማዕረጉ ከአገሩ ጋር የቆመ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህም ይታወሳል።

በሌላ በኩል ማዕከላዊው መንግሥት ነገሩን በወረቀት እየዘጋው ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንደማይወጣ ደነገገ፤ የዘሩንም ሐረግ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ ቀዳማዊ ምኒልክና ወደ ሰሎሞን መለሰው። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይከራከሩበት መሆኑም ተጻፈ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ቀደም ሲል በጦር ይወሰን የነበረው የዘር ክርክር በአንቀጽ ተዘጋ፤ የዋግ ዘር የዙፋን ጥያቄም አብሮ አከተመ። «ንጉሥ አይከሰስ» ተረት መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆነ። ወሰን የሌለው ሥልጣን ሲጻፍ ግን ወሰን አያገኝም። ከ20 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱም የማዕረግ ስሞቹም በአዋጅ ተሻሩ። ለዚያ አዋጅም ቢሆን የመረጠ ሕዝብ አልነበረም፤ ሥልጣኑን የያዘው ሌላ ፈላጭ ቆራጭ ነበር፤ ማዕረጉ ብቻ ጓድ ሆነ።

የዘር አገዛዝ ለመቀጠል ንጉሥ መባል አያስፈልገውም። ሰሜን ኮሪያ ራሷን ሪፐብሊክ ትላለች፤ ሥልጣኑ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ወርዷል። በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሻሻለው ሕገ መንግሥቷ የሞተውን ኪም ኢል ሱንግን ዘላለማዊ ፕሬዚዳንት ብሎታል። ማዕረግ ከሰውየው ሞት በኋላም ሥራውን ይሠራል፤ ሥራውም ሕያዋኑ እንዳይጠይቁ ማድረግ ነው።

ለማንኛውም ማዕረግ ሦስት ጥያቄ

ከአጼ ተክለ ጊዮርጊስ ሕይወት የምወስደው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ለማንኛውም ማዕረግ ይጠየቃል። ከማን ተገኘ? ወሰኑ የት ነው? የሚያበቃው እንዴት ነው?

ዋግሹምነት ለመጀመሪያው ከዘርና ከትውፊት ብሎ ይመልሳል፤ ለሁለተኛው ከዋግ አይወጣም ይላል። ለሦስተኛው መልስ የለውም። ወሰን ስለነበረው ረጅም ዕድሜ አገኘ፣ ግን ገባሩ ጌታውን የመረጠበት ቀን የለም። የተክለ ጊዮርጊስ ንጉሠ ነገሥትነት ለመጀመሪያው ዘር ነበረው፤ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም መልስ አልነበረውም። መልሱን አሳም ሰጠው።

ዛሬ ማዕረጎቻችን ሌላ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን አልተለወጡም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የርዕሰ ብሔሩ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት ነው፤ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ዋናው የማስፈጸም ሥልጣን በእጁ ላለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን እንዲህ ያለ የዘመን ገደብ አልተጻፈም። ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ የሦስተኛው ጥያቄ ጉዳይ ነው። በቀበሌ፣ በዞን፣ በክልልም ሹም ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራችን ስሙን ማሞገስ ሳይሆን ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ ይሁን፤ ሹሙ እንዲመልስ የሚያስገድደው ሕግ ከሌለም ሕጉ እንዲወጣ መሥራት። በኽምጣናም በአማርኛም የምታውቁትን የዋግሹሞች ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ የብር ወንበሩን ብቻ አትንገሯቸው፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ማን ይጠይቀው እንደነበር፣ ጠያቂ ባልነበረ ጊዜም ማን እንደከፈለ አብራችሁ ንገሯቸው።